መርፌ ሳይ ራሴን እስታለሁ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ መርፌ ወይም ደም ሳይ ላብ ያጠምቀኛል፣ ዐይኔ ይጨልማል፤ ሁለት ጊዜ ራሴን ስቼ ወድቄአለሁ። ሐኪም የደም ምርመራ ካዘዘልኝ አራት ወር ሆነ፤ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ አስይዤ ሦስቱንም ቀረሁ። «ደፈር በል» ይሉኛል። እሱ ቢበቃማ ኖሮ ገና ድሮ በዳንኩ። ይህ ነገር ሕክምና አለው?

የሁለት ልጆች እናት፦ አይዞህ ወንድሜ። እኔ ውሻ በጣም እፈራ ነበር። ቀስ ብሎ መተንፈስና ሰውነትን ማላላት ረድቶኛል፤ አንተም ሞክረው።

ጡረታ የወጣች ነርስ፦ እህቴ፣ ምክርሽ ለውሻ ፍርሃት መልካም ነው። ለእሱ ግን ሰውነትን ማላላት መውደቁን ሊያፋጥነው ይችላል። በሌሎች ፎቢያዎች (ከልክ ባለፉ ፍርሃቶች) ልብ ይመታል፣ የደም ግፊትም ይጨምራል። በደምና በመርፌ ፎቢያ ግን ግፊቱ ከፍ ብሎ ወዲያው ያሽቆለቁላል፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲያንስ ሰውየው ይወድቃል። ልጄ፣ ይህ የሰውነትህ ሥራ ነው፤ ፈሪ ነህ ማለት አይደለም።

መፍትሔው ጡንቻን መወጠር ነው። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ላርስ ጎራን ኦስት ከባልደረባው ጋር በ1987 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ ነው። ተቀምጠህ የክንድህን፣ የእግርህንና የሆድህን ጡንቻ ፊትህ እስኪሞቅ ድረስ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ወጥር። ከዚያ ልቀቀው፤ ግን ፈጽመህ አትዝለፍለፍ። ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ቆይተህ ድገም፤ አምስት ጊዜ። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለብህ አስቀድመህ ሐኪምህን ጠይቅ።

ጠያቂ፦ እናቴ፣ አመሰግናለሁ። ሞከርኩት፤ ፊቴ እውነትም ሞቀ። ግን መርፌውን ገና ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፦ ፍርሃቱን የሚያቆየው ሽሽቱ ነው። ቀጠሮ በቀረህ ቁጥር እፎይ ትላለህ፤ አንጎልህም የዳንከው ስለሸሸህ ይመስለዋል። ስለዚህ በትንሹ ጀምር፦ የመርፌ ሥዕል፣ ቀጥሎ ደም ሲቀዳ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ ከዚያ የታሸገ መርፌ በእጅ መያዝ፣ በመጨረሻ ላቦራቶሪ። ፍርሃቱ እስኪበርድ በየደረጃው ቆይ፤ በጋለበት ሰዓት ጥለኸው አትነሣ። ዐይንህ መጨለም ሲጀምር ጡንቻህን ወጥር። ብቻህን ከከበደህ ባለሙያ ዘንድ ሂድ፤ አንዳንድ ሰው እስከ ሦስት ሰዓት በሚወስድ አንድ ሕክምና ብቻ ብዙ ይሻለዋል።

ጠያቂ፦ በሥዕሉ ዛሬ ማታ እጀምራለሁ፤ እህቴም አጠገቤ ትሆናለች። ቀጠሮውን ከሦስት ሳምንት በኋላ አስያዝኩ።

ጡረታ የወጣች ነርስ፦ ጎበዝ ልጄ። ራስህን እንደምትስት ለሚቀዳህ ባለሙያ አስቀድመህ ንገር፤ አጋድሞ ይቀዳሃል። መርፌ የሚገባበትን ክንድ ብቻ አላላው፣ ሌላውን ወጥር። ጹም ካልተባልክ በልተህ ሂድ።