ያገለገለ ቻርጀርና ማውስ በባሕር ዳር፦ ምን ልያዝ? የት ልሽጥ?

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ነገር ጠየቀኝ። «ከደመወዝ ጎን ያገለገለ የኮምፒውተር ዕቃ ብሸጥ ያዋጣል? የትስ ይሸጣል?» ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። እኔና ባለቤቴ ጥቂት ዓመት ሠርተንበታል። ሀብታም አላደረገንም። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ግን ይደጉማል፤ ወሩ ከቀናን የዘይትም ይተርፈዋል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ መጀመሪያ የላፕቶፕ ቻርጀር ያዙ። ከተማችን የተማሪ ናት። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ፖሊም ሂዱ ፔዳ፣ ገመዱ የተላጠበት ቻርጀር በፕላስተር ጠቅልሎ የሚጠቀም አታጡም። ትርፉ ያለው ግን ላፕቶፑ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ በመለየት ላይ ነው። ኤችፒ የድሮው ወፍራም ነው፣ 7.4 ሚሊሜትር። የአዲሱ ቀጭን ሆኖ ውስጡ ሰማያዊ ነው፣ 4.5። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የብዙው ሌኖቮ ደግሞ ባለ አራት ማዕዘን፣ 20 ቮልት ነው። ተንኮለኛው ዴል ነው። መሀሉ ላይ ያለችው ቀጭን መርፌ ከተሰበረች ላፕቶፑ ይበራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም። ገዢው ይህን የሚያውቀው ቤቱ ገብቶ ነው፤ ከዚያ ስልካችሁ ዕረፍት የለውም። ስለዚህ መብራቱን ብቻ ዓይታችሁ አትግዙ፤ ባትሪው «እየሞላ ነው» ማለቱን ተመልከቱ። ባለ ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ የአሜሪካ ሶኬት ካያችሁ ደግሞ አትሽሹ። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ የኛን 220 ይችላል። ግድግዳው ላይ የሚሰካውን ገመድ ብቻ መቀየር ነው።

ማውስ ቶሎ ይሸጣል፣ ትርፉ ግን ትንሽ ነው። አንዴ ስትጫኑት ሁለቴ የሚቆጥር ከሆነ ተዉት። ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ካርድ) ጥሩ ነው፤ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የሚባሉት ዓይነቶቹ መሀላቸው ያለው ስንጥቅ ቦታው ስለሚለያይ በግድ አትግፉት። ሃርድ ዲስክ ግን እኔ ትቻለሁ። አንዱን ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ሳልመረምር ሸጥኩት፤ በሳምንቱ የገዛኝን ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ እንደያዘ ተበላሸ። ብሩን መለስኩለት። ጽሑፉን ከየት አምጥቼ ልመልስ?

አሁን ወደ ገበያው። ጂጂ በሚባለው የኢንተርኔት መሸጫ ላይ ስለጥፍ የሚደውልልኝ አብዛኛው አዲስ አበባ ያለ ሰው ነው። ለ500 ብር ዕቃ በአውቶቡስ ላኪ ማለት ራስ ምታት ነው። ፌስቡክ ላይ ጠያቂው ብዙ፣ ገዢው ጥቂት ነው። «መጨረሻው ስንት ነው?» ብሎ ይጠፋል። «አስቀምጭልኝ» የሚለውማ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ቀብድ ካልላከ አላስቀምጥም። ለኛ የሠራልን የራሳችን ቴሌግራም ቻናል ነው፤ ተማሪው ለተማሪው ያስተላልፈዋል። ይሁን እንጂ በእሱ ብቻ አትደገፉ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ሞባይል ዳታ በተዘጋብን ወራት ያኖረን ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ የለጠፍነው ወረቀት ነው። እስካሁንም አላነሣነውም። ሱቅ በኮሚሽን መስጠትም አለ፤ ዕቃችሁ አቧራ ለብሶ መደርደሪያ ላይ እንዲከርም ከፈለጋችሁ።

ርክክቡ ሶኬት ያለበት ካፌ ይሁን። ላፕቶፕ ይዤ እሄዳለሁ፣ ገዢው ዓይኑ እያየ ይሰካል። መብራት ከጠፋ ሽያጭም የለም፤ ማኪያቶ ጠጥቶ መለያየት ነው። ዘንዘልማ ግቢ ድረስ አምጪ ካሉኝ የባጃጁን ከነሱ እቀበላለሁ።

ክፍያ በቴሌብርም ሆነ በንግድ ባንክ ለኔ ልዩነት የለውም። ገዢው የሚያሳያችሁን ስክሪንሾት ግን አትመኑ። የራሳችሁን ሂሳብ ከፍታችሁ ብሩ መግባቱን ሳታዩ ዕቃውን ከእጃችሁ አታውጡ። እኔ አንድ የኤችፒ ቻርጀር እንዲህ ነው የሄደብኝ።

«አንቺስ ከየት ትገዣለሽ?» ለምትሉኝ፣ ከተመራቂዎች ነው። ግቢ ሊለቁ ሳምንት ሲቀራቸው ሻንጣው ይከብዳቸዋል፣ ዋጋው ይቀልላል። መታወቂያ ካላሳየኝ ግን በነጻም ቢሰጠኝ አልቀበልም፤ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰሞን ፔዳ በር ላይ ላፕቶፕ ታቅፋ የቆመች ሴት ካያችሁ እኔ ነኝ፣ ሰላም በሉኝ።