ታካሚ ሁሉንም «አዎ» ሲለኝ እንዴት ልጠይቅ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ጤና ጣቢያ ቲቢ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። «መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ ነው?» ስል ሁሉም «አዎ» ይላሉ። አንድ አባት ግን ይዘው የመጡት ኪኒን ሲቆጠር ተረፈ። ክፍት ጥያቄ፣ ማለትም በ«አዎ» ወይም በ«አይ» ብቻ የማይመለስ፣ ጠይቁ ተብለን ተምረናል። «እንዴት ነዎት?» ስላቸው ደግሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ነው መልሳቸው። ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ 1
«ለምን አልዋጡም?» በያቸው። እሱም ክፍት ጥያቄ ነው።

መልስ 2
እህቴ፣ «ለምን»ን ተይው። እኔም ቲቢ ክፍል ዓመታት ሠርቻለሁ። ትልቅ ሰው «ለምን አልዋጡም?» ሲባል የተቆጡት ነው የሚመስለው። ምክንያቱን ትቶ ማስተባበያ ይፈልጋል። «እንዴት ነዎት?» ደግሞ ሰላምታ ነው፤ የታመመም ሰው አመስግኖ ነው የሚመልሰው።

ሰላምታውን በደንብ ጨርሺና ወደ አንድ ቀን ውረጂ። «እስኪ ትናንት ጠዋት ከተነሡ ጀምሮ ምን ምን አደረጉ?» በይ። ከዚያ ዝም በይ። መልስ ሲዘገይ የማጣደፍ ፍላጎት ይመጣል፤ ታገሺ። በባዶ ሆድ ሲውጡት እንደሚያቅለሸልሻቸው፣ ጎረቤት እንዳያይ እንደሚደብቁት የሚወጣው እዚያ ነው። እንዲህም ማለት ይቻላል፦ «ሳሉ ሲተው ብዙ ሰው መድኃኒቱ ይሰለቸዋል። እርስዎን ምን አስቸገረዎት?» እውነትም ነው። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ነው፤ ብዙ ሰው ግን ገና በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ይሻለውና ድኛለሁ ይላል።

«ሽንትዎ ቀልቷል?» ከማለትም «ሽንትዎ ምን መልክ አለው?» ማለት ይሻላል። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ ሽንትን ብርቱካንማ ወይም ቀላ ያለ ያደርጋል። መልኩን ራሳቸው ሲነግሩሽ መድኃኒቱን ስለ መውሰዳቸው ፍንጭ ታገኛለሽ።

ዝግ ጥያቄም ቦታ አለው። «ዓይንዎ ብዥ ይልብዎታል?» «ዓይንዎ ቢጫ ሆኗል?» «ያስመልስዎታል?» እነዚህ የመድኃኒቱ ጉዳት ምልክት ሊሆኑ ስለሚችሉ አንድ በአንድ፣ በቀጥታ ጠይቂ። አንዱ «አዎ» ከሆነ ሐኪም ዛሬውኑ ይያቸው።

ጠያቂዋ
በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አባትየው ከልጃቸው ጋር ነው የሚመጡት። ስጠይቅ ልጁ ይመልሳል።

መልስ 2
ልጁን በአክብሮት ውጭ አስጠብቂው። መጨረሻ ላይ አስገቢውና «ቤት ውስጥ መድኃኒቱን የሚያስታውሳቸው ማነው?» ብለሽ ሁለቱም ባሉበት ጠይቂ። መድኃኒቱን ከጎረቤት ስለ መደበቃቸው የነገሩሽ ካለ ግን፣ እሳቸው ሳይፈቅዱ ልጁ ፊት አታንሺው።