የግራሲዬላ ኢቱርቢዴ ጥቁርና ነጭ፦ ነጠላው ሲነጣ ፊቱ ለምን ይጠፋል?

ኤፍራታ_ሌንስ
ሰላም ለዚህ ቤት። የሜክሲኳዊቷን የግራሲዬላ ኢቱርቢዴን ሥራ መነሻ አድርጌ ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ጥቁርና ነጭ እያነሳሁ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ነጠላውና ጋቢው ባዶ ወረቀት ይመስላል፤ የተከናነቡት ሴቶች ፊት ደግሞ ጥላ ውስጥ ይቀራል። ኮንትራስት ስጨምር ይብሳል። እሷ ጋ ግን ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ፊት ይነበባል። ይሄ የፍልተር ነገር ነው፣ የአጠባ ነው ወይስ ሌላ? ዲጂታልም ኤችፒ5 የተባለ ጥቁርና ነጭ ፊልምም እጠቀማለሁ። ከሥራዎቿስ የቱን አስቀድሜ ላጥና?

ባለ_ጨለማ_ክፍል
መጀመሪያ ኮንትራስቱን ተወው። ኅትመቶቿን ጠጋ ብለህ ብታይ አብዛኛው ነገር መካከለኛ ግራጫ ነው። ድፍን ጥቁር የሚገባው ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ነው፦ ፀጉር ላይ፣ ቀሚስ ላይ። ሥዕሉ ጠንካራ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ያንተ ችግር የሚጀምረው ከብርሃን ልኬቱ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥርት ባለ ቀን ጥላውን የሚያለሰልስለት ነገር የለም። ካሜራው ፍሬሙን የሞላ ነጠላ ሲያገኝ ነጩን ግራጫ ለማድረግ ብርሃን ይቀንሳል፤ ፊትም አብሮ ይወርዳል። ጥቁር የመንዝ ባና የለበሰ ሰው ሲያገኝ ደግሞ ብርሃን ይጨምርና አጠገቡ ያለውን ነጠላ ያቃጥለዋል።

ዲጂታል ላይ ስፖት ሚተር (አንድ ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካውን) አድርግ፣ ፀሐይ ያረፈበትን ነጠላ ለካ፣ 2 ስቶፕ ጨምር (1 ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው)። ሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል፣ ይችለዋል፣ የሽመናው ክርም አይጠፋም። በጄፔግ ከሆነ 1 ተኩል ላይ ቁም። ጥቁርና ነጩን ስክሪኑ ላይ ብቻ እያየህ ሮውን ከነቀለሙ አስቀምጥ። ከዚያ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ብርቱካናማውን ከ15 እስከ 25 ከፍ ስታደርግ ቆዳው ብቻውን ይነሳልሃል። ሰማያዊውን ትንሽ ዝቅ ስታደርግ ደግሞ የነጠላው እጥፋት ይወጣል፤ ጥላ ያረፈበት ነጭ ጨርቅ ወደ ሰማያዊ ያደላልና። አብዝተህ ካወረድከው ግን ሰማዩ ይቆሽሻል፣ የተራራው ጠርዝም ነጭ መስመር ያወጣል።

ኤችፒ5 የ400 ISO ፊልም ነው፤ አንተ ግን ካሜራውን 200 ላይ አድርገህ አንሳው። ከነጠላው ሥር ያለውን ጥላማ የፊት ጎን ለካና 1 ስቶፕ ዝጋ። በዲ-76 ዴቨሎፐር (ምስሉን በሚያወጣው ኬሚካል)፣ አንድ ለአንድ በውሃ ተበርዞ፣ በ20 ዲግሪ፣ የ400 መደበኛ ጊዜ 11 ደቂቃ ነው፤ ለዚህ ፀሐይ ወደ 9 አውርደው። ጥላው የሚወሰነው ስታነሳ ነው፤ ነጩ የሚወሰነው ስታጥብ ነው። ታንኩን በየደቂቃው መጀመሪያ ላይ 4 ጊዜ ቀስ ብለህ ገልብጥ፣ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከናጥከው ጥላው ምንም ሳይጨምር ነጠላው ብቻ ኔጌቲቩ ላይ ይወፍርና ዝርዝሩ አይወጣልህም።

የቧንቧ ውሃውን ደግሞ እንዳለ አትጠቀም። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ዴቨሎፐሩ 15 ዲግሪ ከወረደ ውስጡ ያለው ሃይድሮኪኖን የሚባለው ኬሚካል ይደክማል፣ ኔጌቲቩ ሳስቶ ይወጣል። ፊክሰሩንም (ምስሉን የሚያጸናውን ኬሚካል) የመጨረሻውን ማጠቢያ ውሃም ወደ 20 አምጣቸው፤ ፊልሙ ከሞቀው ወደ ቀዝቃዛው በድንገት ከገባ የፊልሙ የጄላቲን ሽፋን ይሸበሸባል።

ጣርማበር44
አጠባው ላይ የምጨምረው የለኝም። ግን በአጠባ ብቻ ኢቱርቢዴን ማግኘት አይቻልም።

በደቡብ ሜክሲኮ ባለችው በሁቺታን ከተማ ካነሳቻቸው ጀምር። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) በ1942 የተወለደችው ሴትዮ በ1969 ዩኒቨርሲቲ የገባችው ሲኒማ ልትማር ነበር። እዚያ ያስተምር ከነበረው ከፎቶግራፍ አንሺው ማኑዌል አልቫሬዝ ብራቮ ጋር ተዋውቃ ረዳቱ ሆነች። ከእሱ ያገኘችው ትልቁ ነገር አለመቸኮል ነው፤ «ጊዜ አለ» የምትለውን አባባሉን ዛሬም ታነሳለች። በ1978 ሶኖራ በረሃ ያሉትን ነባር ሕዝቦች፣ ሴሪዎችን፣ እንድታነሳ የነባር ሕዝቦች ተቋም ሥራ ሰጣት። በ1979 ሠዓሊው ፍራንሲስኮ ቶሌዶ ወደ ሁቺታን ጋበዛት፤ እየተመላለሰች ከሴቶቹ ጋር ኖረች፣ ገበያ ላይ አብራ ተቀመጠች፣ የሁቺታን መጽሐፏ የወጣው በ1989 ነው። ወደ ኋላ ላይ ሰው ከፍሬሙ እየወጣ ወፍ፣ ቁልቋልና ዕቃ ይቀራል። እነዚህን በኋላ ተመልከታቸው፤ ለገበያ ሥራ ብዙ አይረዱም።

ኢጓና የተሸከመችዋን ሴት አስተውል። ካሜራው ከፊቷ ዝቅ ብሎ ወደ ላይ ያያል፣ እንስሳቱ ራሷ ላይ ዘውድ ሆነዋል። ከ12 ፍሬም የተሳካው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ላይ ሴትየዋ ትስቃለች፣ ኢጓናዎቹ ይንቀሳቀሳሉ።

ይሄን አቋቋም ግን እንዳለ አትቅዳው። የእኛ አገር ሴት እንስራውንም ጭራሮውንም የምትሸከመው በጀርባዋ ነው። ከፊት ሆነህ ዝቅ ስትል ሸክሙ ከትከሻዋ ኋላ ይደበቅና የጎነበሰ ራስ ብቻ ይዘህ ትመለሳለህ። ከጎን ቁም፣ ካሜራውን ወገብ ላይ ያዝ፣ በሸክሙና በአንገቷ መካከል ትንሽ ሰማይ ይታይ። ከ35 እስከ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ይዘህ ሁለት ሜትር ድረስ ቅረብ። ቴሌውን (ከሩቅ የሚያቀርበውን ሌንስ) ቤት ተወው፤ ከሩቅ የተሰረቀ ፊት ያስታውቃል። «እማማ፣ ላንሳዎ?» ብለህ ከተፈቀደልህ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ፍሬሞች እንደሌሉ ቁጠራቸው፤ ሰው ለካሜራ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ያኔ ነው። በሚቀጥለው ገበያ የታጠበውን ፎቶ ውሰድላቸው።

ሌላው፦ ካሜራው ላይ እያለ አትሰርዝ። ቴፕ አንጠልጥላ ወደ በረሃው የምትወርደዋን ሴሪ ሴት፣ «መልአክ ሴት» የምትባለዋን የ1979 ሥራ፣ ኢቱርቢዴ ማንሳቷን እንኳ አታስታውሰውም። ከኮንታክት ሺቱ (ፍሬሞቹ ሁሉ በትንሹ ከታተሙበት ወረቀት) ያወጣው የሴሪዎቹ መጽሐፍ አዘጋጅ ነው።

ኤፍራታ_ሌንስ
ተባረኩ። ሰማዩን ለማጥቆር ቀይ ፍልተር ብገጥምስ?

ባለ_ጨለማ_ክፍል
ለገበያ አይሆንም። 3 ስቶፕ ይበላል፤ ከዚያም በላይ ጥላ ውስጥ ያለ ፊት የሚበራው ከሰማዩ በሚመጣ ሰማያዊ ብርሃን ነው፣ ቀይ ፍልተር ያንኑ ይከለክላል። ስለዚህ ፀሐይ የነካው ቆዳ ይነጣል፣ ነጠላው ሥር ያለው ጭራሽ ይጠቁራል፤ ማለትም የጠየቅኸው ችግር በእጥፍ። በዚህ ከፍታ ሰማዩ በራሱ ደማቅ ሰማያዊ ስለሆነ ቢጫው ይበቃል፣ የሚወስድብህም 1 ስቶፕ ብቻ ነው።

ጣርማበር44
እኔ ብርቱካናማውን እመርጣለሁ፣ ግን ሰው ለሌለበት የጓሳ ሜዳ ብቻ። ጣርማበር ላይ ጉም ከገባብህ ፍልተሩን አውልቀህ ከልኬቱ 1 ስቶፕ ጨምር፤ ካሜራው ጉሙንም እንደ ነጠላው ነው የሚያየው። አጠባውንም እዚያ ወደ 9 አታውርደው፣ 11 ላይ ተወው፤ አለበለዚያ ሁሉም ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ለገበያውና ለጉሙ ለየብቻ ጥቅል ጫን።