ኮርማ ስንመርጥ ወተት ይቅደም ወይስ ጤና?

ጠያቂው፦ አዳቃዩ ሁለት ኮርማ አቅርቦልኛል። የአንዱ ልጆች ወተታቸው ጉድ ነው፣ ቁመታቸውም ያምራል፣ ግን ቶሎ አይዙም። የሌላው በወተት መካከለኛ ናቸው፣ ቶሎ ያረግዛሉ፣ የግት በሽታም አያጠቃቸውም። የቱ ይሻላል?

ባለወተቱ፦ ምን ይጠየቃል? ወተቱ! በላሞች መካከል ከሚታየው የወተት ልዩነት 30 በመቶ ገደማው ከዘር ነው። የመያዝ ነገር ግን 5 በመቶም አይሞላም። መኖዋን አስተካክል፣ ኮርማ የፈለገችበት ሰዓት አይለፍህ፣ ትይዛለች።

ሐኪሟ፦ ወንድሜ፣ ትንሽ ይወረሳል ማለት አይወረስም ማለት አይደለም። ብዙ የምትታለብ ላም እንደወለደች እያት። የምትበላው የምትሰጠውን ወተት አይሸፍንም፣ ከራሷ ስብ ላይ ትበላለች። ግቷ ሞልቶ ይንጠባጠባል፣ ዳሌዋ ላይ ግን ኮት ይሰቀላል። እንዲህ ሆና እንዴት ትያዝ? አሜሪካ ውስጥ ሆልስታይን የሚባሉት የወተት ላሞች ወተታቸው ሲያድግ የመያዝ አቅማቸው ለአስርት ዓመታት ወርዷል። በ2003 እ.ኤ.አ. የመያዝ አቅም የኮርማ ግምገማ ውስጥ ገባ፣ ቁልቁለቱም ተገታ። ኖርዌዮች ግን ጤናንና መራባትን የጨመሩት ገና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

አርቢው፦ ቁመናም አይናቅ። ግቷ የወረደ ላም ጭቃ ይነካታል፣ ስትነሳም ጡቷን ራሷ ትረግጠዋለች። ሸኮናዋ የተጣመመ ደግሞ ገንዳው ጋ መድረስ ይከብዳታል።

ሐኪሟ፦ ግትና እግር እሺ። ቁመት ግን ምን ይሠራል? ትልቅ ላም ሰውነቷን ለማቆየት ብቻ ብዙ መኖ ትጨርሳለች። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ኮርማን በትርፍ ሲመዝኑ ለትልቅ ሰውነት ነጥብ ይቀንሳሉ። ረጅም ላም የምትጠቅመው ለውድድር ሜዳ ነው።

ተማሪው፦ ሁላችሁም ዝምድናን፣ ዘመድን ከዘመድ ማዳቀልን፣ ረሳችሁት። በ1962 እ.ኤ.አ. የተወለደው ቺፍ የሚባል ሆልስታይን ኮርማ ልጆቹ በወተት ስለበለጡ ዘሩ ዓለምን አዳረሰ። የተሸከመው ጉድለት አብሮ ተዛመተ። ጉድለቱን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ጽንስ ማህፀን ውስጥ ይሞታል። ግማሽ ሚሊዮን ያህል ጽንስ እንደጠፋ ተገምቷል።

ባለወተቱ፦ ሌላውንም ግምት ንገራቸው እንጂ! ኪሳራው 420 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ከልጆቹ ወተት የተገኘው ጥቅም 30 ቢሊዮን። አሁን ደግሞ ጉድለቱ በዘረመል ምርመራ ይለያል፣ ተሸካሚን ከተሸካሚ አለማገናኘት ነው።

ተማሪው፦ የታወቀው ይለያል። ያልታወቀውስ? ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ኮርማ የሚመረጠው የልጆቹ ወተት ሳይጠበቅ፣ ገና ጥጃ እያለ በዘረመሉ ነው። ትውልዱ ፈጠነ፣ ዝምድናውም አብሮ ፈጠነ።

ጠያቂው፦ እኔ ቁመቱን ትቼዋለሁ። ሁለተኛውን ልወስድ ነው፣ ግን መጀመሪያ የጊደሮቼ አባት ዘመድ አለመሆኑን መዝገብ አያለሁ።

ባለወተቱ፦ ወተቱ ሲያንስ ግን እኔ ጋ እንዳትመጣ።

ሐኪሟ፦ እኔ ጋም ቶሎ አይመጣም፣ ደግ ነው።