እርዳታ! ጣና ዳር ነን፣ እሳት እምቢ ብሎናል፣ አንዱ ልጅ ተቅማጥ ይዞታል

ዱር_ቤቴ (ከቀኑ 9፡50)
ወገን ቶሎ መልሱልኝ፣ ባትሪዬ 19% ነው። አራት ነን። «ያለ ምንም ነገር ሦስት ቀን» ብለን ወጥተን ዛሬ ሁለተኛችን ነው። ሌሊት ዘነበብን። እንጨት በእንጨት ስናሽከረክር ውለን መዳፋችን ተላጠ እንጂ ፍም የለም። ክብሪት ሆን ብለን ነው ያልያዝነው። አንዱ ልጅ የሐይቁን ውሃ በነጠላ እያጠለለ ሲጠጣ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ጊዜ ተመላልሷል። ያለን ቢላዋ፣ የወተት ጣሳ፣ ሦስት ባዶ ሃይላንድና መንጠቆ ነው። እሳቱን እንዴት እናንድድ?

አባይ_ማዶ
የት ናችሁ? ጣና ዳር ማለት እኮ እስከ ሰሜን ጫፍ፣ እስከ ጎርጎራ ነው።

ቆሎ_በኪሴ
ስልክ ተይዞ «ያለ ምንም ነገር»! ሃሃሃ። ክብሪቱን ከልክላችሁ ቻርጅ ፈቀዳችሁ?

ገጀራ
የእንጨቱ ዱቄት ቀለሙ ምንድን ነው? ቡናማ ከሆነ ወይ እርጥብ ነው ወይ ግፊቱ አንሷል፤ ጥቁር ሆኖ ካልጨሰ ፍም አይወጣውም። ዝናብ ባደረበት እንጨት ዛሬ ድካም ነው። መሬት የወደቀውን አትልቀሙ። ዛፉ ላይ እንዳለ የደረቀ፣ ሲሰበር ቀጭ የሚል ቅርንጫፍ ፈልጉ። ልጡን ገፍፋችሁ ሰንጥቁት፣ ውስጡ ደረቅ ነው። ከውስጡ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ስንጥር ሁለት እፍኝ፣ ከዚያ እርሳስ የሚያክል፣ ከዚያ አውራ ጣት የሚያክል አዘጋጁ። እርጥብ መሬት ላይ አትለኩሱ፣ ወፍራም እንጨት ከሥር ደርድሩ። ይህ ሁሉ ግን ክብሪት ካለ ነው።

ፀሐይ_መውጫ
እሳቱን ተዉት። ሃይላንዱን ውሃ ሞልታችሁ ፀሐይ ላይ አጋድሙት፣ 6 ሰዓት ሲቆይ ጀርሙ ይሞታል።

ገጀራ
አሁን 10 ሰዓት ሊሆን ነው፣ 12 ላይ ይጨልማል። የ6 ሰዓት ፀሐይ ከየት ታመጣለህ? ደግሞ ዘዴው ለጠራ ውሃ ነው። የደፈረሰ ከሆነ ጨረሩ አያልፍም።

ሲስተር
ዱር ቤቴ፣ ጥያቄህ ስለ እሳት ነው፣ የሚያሳስበኝ ግን ልጁ ነው። ደም አለው? ዓይኑ ጎድጉዷል? ሽንት ከሸና ስንት ሰዓቱ ነው? የሆዱን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ልቀቁት፤ ቶሎ ካልተመለሰ ውሃ አልቆበታል። ነጠላ ደለልና ትላትል ይይዛል እንጂ ባክቴሪያ አይይዝም። ከሐይቁ ድጋሚ እንዳይጠጣ።

ዱር_ቤቴ (10፡08)
ደም የለውም። ሽንት ከጠዋት ወዲህ የለም። ያለነው ከዘጌ ገዳማት ወዲህ ደንገሉ (ውሃ ዳር የሚበቅለው ረጅም ሣር) ጋ ነው፣ ሰው ቤት 40 ደቂቃ ያስኬዳል። ግን መመለስ አልፈለግንም፣ አንድ ቀን ነው የቀረው። ባሕታውያኑስ ጫካ ውስጥ ቅጠል በልተው ይኖሩ የለ?

ጋሽ_መንገደኛ
ልጄ፣ የገዳም ሰው ገዳም አለው። ዘጌ ቡና አለ፣ ጌሾ አለ፣ ሎሚ አለ፣ ማኅበሩ አብሮ ይሠራል፣ እህል በጎታ ይቀመጣል። አንተ ያየኸው ጾሙን ነው፣ ጎታውን አላየህም። የአገራችን መንገደኛም ስንቅ ሳይቋጥር አይወጣም ነበር። በሶ እሳት አይፈልግም፣ በጥብጠህ ትጠጣዋለህ። ግማሽ ኪሎው ወደ 1,700 ካሎሪ ነው። በመንጠቆ ይህን አታገኝም፤ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ዋና ምግቡ የውሃ አልጌ ስለሆነ ትል ብዙም አይማርከውም፣ የሚይዙት በመረብ ነው። መንጠቆ የሚሻለው ለአምባዛ ዓሣ ነው።

ፀሐይ_መውጫ
ሃይላንዱን ፀሐይ ላይ ያጋደማችሁት እንደሆነ እኮ...

ቆሎ_በኪሴ
ፀሐይ መውጫ፣ ስምህን ፀሐይ መጥለቂያ በለው።

ዱር_ቤቴ (10፡15)
እሺ ልንወጣ ነው። የተጣለ የደንገል ታንኳ አግኝተናል፣ በሱ ብንሄድ አይፈጥንም?

አባይ_ማዶ
በጭራሽ! የተጣለው ውሃ ጠጥቶ ስለከበደ ነው። ደንገል እንደ ስፖንጅ ውሃ ይመጥጣል፤ ባለቤቱ ሁልጊዜ አውጥቶ አቁሞ የሚያደርቀው ለዚህ ነው። እሱ ላይ አራት ሰው! ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ያነሳል።
በእግር ውጡ፣ አሁኑኑ። ከብት የሄደበትን መንገድ ይዛችሁ ሐይቁን ወደ ኋላ ተዉት። ዳር ዳሩን አትሂዱ፤ ሲመሽ ጉማሬ ለግጦሽ ይወጣል። ሣሩ ተረግጦ ለጥ ያለ፣ ፋንድያ የተበተነበት ወደ ውሃ የሚወርድ መንገድ ካያችሁ የእሱ ነው፣ እዚያ አትቁሙ። በእሱና በውሃው መሃል መግባት ነው አደጋው።

ሲስተር
ቤት እንደደረሳችሁ፣ 1 ሊትር የፈላ ውሃ ቀዝቀዝ ሲል 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ልክ በልክ፣ ያልተቆለለ። ከእንባ ጨው እንዳይበልጥ ቅመሱት። ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀጥሉ። ኦ.አር.ኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት) ከተገኘ አንዱ ከረጢት ለ1 ሊትር ነው። ሽንት ካልመጣ፣ ከፈዘዘ ወይም ደም ከታየ ጤና ጣቢያ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ደንገሎ
ብልሃርዝያ ነው ይሄ።

ሲስተር
አይደለም፣ ብልሃርዝያ ከሐይቅ ውሃ በቆዳ የሚገባ ትል ነው፣ በአንድ ቀን አያስቀምጥም። ግን ደንገሉ ውስጥ በባዶ እግር የገባችሁ ሁሉ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ሰገራ ተመርመሩ። ከሳምንት በኋላ ትኩሳት ቢመጣ ደግሞ ለወባ ምርመራ ደም ስጡ፣ በራሳችሁ መድኃኒት አትጀምሩ።

ሚጥሚጣ
ውሃው 20 ደቂቃ ይፍላ!

ገጀራ
ለምን? ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከተንተከተከ አንድ ደቂቃ ይበቃል፣ ለልብ ማረፊያ ሦስት። የቀረው እንጨት ማቃጠል ነው።

አባይ_ማዶ (ከምሽቱ 1፡30)
ዱር ቤቴ፣ ወጣችሁ?

አባይ_ማዶ (በማግስቱ ጠዋት 3፡00)
ኧረ አንድ ቃል ጻፍ።

ሚጥሚጣ
ባትሪው አልቆ ይሆናል። ጋሽ መንገደኛ፣ እኛም ለቅዳሜ አስበን ነበር፤ ግማሽ ኪሎ በሶ ያሉት ለአንድ ሰው ነው ለአራት?

ጋሽ_መንገደኛ
ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን። ክብሪቱን ለሁለት ከፍላችሁ በሁለት ፌስታል ጠቅልሉት፣ ሁለቱም በተለያየ ሰው ኪስ ይሁን። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱም ለቤት ሰው ንገሩ።