ቪዲዮ ጌም መሥራት ለመማር፦ ልዩ ኮሌጅ ይሻላል ወይስ ኮምፒውተር ሳይንስ?

ጠያቂዋ፦ ታናሽ ወንድሜ ቪዲዮ ጌም መሥራት እንጂ ሌላ አልማርም ብሏል። ሁለት ቦታ ተቀብለውታል፤ አንዱ ጌም ብቻ የሚያስተምር ኮሌጅ፣ ሌላው ኮምፒውተር ሳይንስ የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቤታችን ለሁለት ተከፍሏል። የቱን ትመርጡለታላችሁ?

ፕሮግራመሩ፦ እህቴ፣ ያለ ጥርጥር ኮምፒውተር ሳይንስ። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። በጌሙ ውስጥ ያለ ጥይት በሴኮንድ 600 ሜትር ይጓዛል እንበል። ጌሙ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ጥይቱ በአንድ እድሳት 10 ሜትር ይዘልላል። መንገዱ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ ቢኖር ፕሮግራሙ ጥይቱን አንዴ ከግድግዳው ወዲህ፣ አንዴ ከግድግዳው ወዲያ ያገኘዋል፤ ሲነካው ግን አያየውም። ይህን የሚያስተካክለው ቬክተር፣ ማለትም መጠንና አቅጣጫን አብሮ የሚገልጸው ሒሳብ፣ የገባው ሰው እንጂ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ የሸመደደ አይደለም።

የጌም ኮሌጅ ምሩቋ፦ ልዩ ኮሌጅ ሒሳብ አያስተምርም ያለህ ማን ነው? አሜሪካ ሬድመንድ የሚገኘውን የጌም ኮሌጅ ዲጂፔንን ተመልከት፤ ፕሮግራሚንግ የሚያጠኑት ሊኒየር አልጀብራና ፊዚክስ ይማራሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ተማሪዎቹ ለመመረቂያ የሠሩትን «ናርባኩላር ድሮፕ» የተባለ ጌም ያየው የጌም ኩባንያ ቫልቭ ቡድኑን ቀጠረ፤ በ2007 የወጣው «ፖርታል» ከዚያ ሐሳብ የተወለደ ነው።

ፕሮግራመሩ፦ አንድ ቡድን ነው የጠቀስሽው። «ስታርዱ ቫሊ» የተባለውን ጌም ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ኤሪክ ባሮንስ? የተመረቀው በኮምፒውተር ሳይንስ ነው።

የጌም ኮሌጅ ምሩቋ፦ ብቻውን ዓመታት የሚታገሥ ስንት ሰው አለ? እኔ ኮሌጅ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ከሠዓሊ፣ ከድምፅ ባለሙያና ከንድፍ አውጪ ጋር መጣላትና መታረቅ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል ውስጥ አጠገብህ የሚቀመጠው ሌላ ፕሮግራመር ነው።

ሠዓሊዋ፦ ሁለታችሁም ልጁ ፕሮግራመር መሆን እንደሚፈልግ በምን አወቃችሁ? ገጸ ባሕርይ መሳልና ማንቀሳቀስ ከሆነ የሚመኘው ኮምፒውተር ሳይንስ ዕድሜውን ይበላዋል። «ጌም ማበልጸግ» የሚል ስያሜ ይዘው አንዳንዶቹ ኮሌጆች ኮድ፣ አንዳንዶቹ ሥዕል፣ አንዳንዶቹም ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ያስተምራሉ። የመጨረሻዎቹን እፈራቸዋለሁ።

ቀጣሪው፦ ማመልከቻ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምከፍተው የሠራውን ጌም ነው፤ የኮሌጁን ስም ብዙ ጊዜ አላስተውለውም። ከዚያ «ከዚህ ውስጥ ያንተ ሥራ የቱ ነው?» እላለሁ። «ሁሉንም አብረን ሠራን» ያለኝን ሰው እጠራጠራለሁ። ሌላም ነገር አለ። ብዙዎች ጌም የሚሠሩበት ሶፍትዌር ባለቤት የሆነው ዩኒቲ በመስከረም 2023 ጌሙ በተጫነ ቁጥር ክፍያ እንደሚጠይቅ አስታውቆ ስንቱን እንዳስደነገጠ ታስታውሳላችሁ? በ2024 ሰረዘው፤ እስከዚያ ግን ብዙዎች ሌላ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ወደሆነው ጎዶት ፊታቸውን አዙረዋል። አንድ መሣሪያ ብቻ ያስተማረ ኮሌጅ ምሩቁን በዚያ ቀን ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

ፕሮግራመሩ፦ በ2023 እና በ2024 በዘርፉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሥራ መቀነሳቸውንም ጨምሩበት። የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ያለው ባንክም ቢሆን ይቀጠራል።

የጌም ኮሌጅ ምሩቋ፦ ባንክ ለመግባት የሚያልም ልጅ ይህን ጥያቄ አያስነሣም ነበር!

ጠያቂዋ፦ እውነቱን ለመናገር ወንድሜ እስካሁን የጨረሰው ጌም የለም። የተጀመሩ ግን ሞልተዋል።

ቀጣሪው፦ እንግዲያውስ የትምህርት ክፍያው ይቆይ። ጎዶት በነጻ ይገኛል። ጌም በ48 ሰዓት ተሠርቶ የሚያልቅባቸው ውድድሮችም አሉ፤ አንዱን ይሞክር፤ ኳስ የሚያነጥር ትንሽ ጌምም ቢሆን ይጨርስ። በዚያው ኮዱን ይወድደዋል ወይስ ሥዕሉን የሚለው ይለያል።

ሠዓሊዋ፦ ኮሌጁንም ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች የሠሯቸውን ጌሞች አሳዩን በሉት። የተመረጡትን ሦስት ብቻ ሳይሆን ሁሉንም።

የጌም ኮሌጅ ምሩቋ፦ በዚህስ እስማማለሁ። ካላሳዩ ግን ዩኒቨርሲቲው ይሻላል ማለት አይደለም፤ ሌላ ኮሌጅ ፈልጉ።