የመርማሪ ካርቫልዮ መጻሕፍት፦ ከየቱ ልጀምር?

ሻይ በሎሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስፓኒሽ መካከለኛ ደረጃ ላይ ነኝ። የማኑኤል ቫስኬዝ ሞንታልባንን የወንጀል ልብ ወለዶች በቅደም ተከተል ላንብብ ብዬ በ1972 በወጣው «ኬኔዲን ገደልኩ» ብጀምር ምንም ሊገባኝ አልቻለም። ቋንቋው ነው ወይስ መጽሐፉ? ገዳዩን እንዳትነግሩኝ አደራ!

የኋላ ወንበር፦
መጽሐፉ ነው። ካርቫልዮ እዚያ የኬኔዲ አጃቢ ነው፤ ነገሩ ሁሉ ቅዠት መሰል የአጻጻፍ ሙከራ ስለሆነ የምርመራ ክር ብትፈልግ አታገኝም። እሱን አስቀምጠውና በ1974ቱ «ንቅሳት» ጀምር። ፊቱን ዓሣ የበላው ሬሳ ከባሕር ይወጣል፤ ቆዳው ላይ ሲኦልን ለማመስ እንደተወለደ የሚናገር ንቅሳት አለ። የፀጉር ቤት ባለቤት ካርቫልዮን ቀጥሮ የሟቹን ስም ብቻ አምጣልኝ ይለዋል። አጭር ነው፣ ክሩም አንድ ነው፤ እስከ አምስተርዳም ተከተለው። ካርቫልዮ ሲያበስል የሚተረከው የምግብ አሠራር ላይ ግን መዝገበ ቃላት አትግለጥ፣ ዝለለው።

ቀይ እስክሪብቶ፦
በመጨረሻው አልስማማም። በ1979 ፕላኔታ የተባለውን የስፔን የልብ ወለድ ሽልማት ባገኘው «የደቡብ ባሕሮች» በሟቹ ኪስ የተገኘው ስንኝ የሚፈታው እራት ላይ ነው። ምግቡን የዘለለ ፍንጩንም ዘለለ። ታሪኩ የስፔኑ አምባገነን ፍራንኮ ከሞተ በኋላ በተደረገው የመጀመሪያው የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ዋዜማ ላይ ስለሆነ፣ የፓርቲ ወሬ ሲበዛ ግራ አትጋባ።

ለእኛ አንባቢ ዋናው ወጥመድ ሰዓቱ ነው። «ዲዬዝ ዴ ላ ኖቼ» ቃል በቃል «የማታ አሥር» ነው፤ በእኛ ግን ማታ አራት ሰዓት ነው። አንዱን በእኛ፣ ሌላውን በፈረንጅ አቆጣጠር ከያዝክ ንጹሑን ሰው ትጠረጥራለህ። ኅዳጉ ላይ ሁሉንም በፈረንጁ ጻፍ። ግሡንም አስተውል፦ ምስክሩ «ዬጎ» ካለ ያን ምሽት መጣ ማለት ነው፤ «ዬጋባ» ካለ ግን ይመጣ ነበር፣ ማለትም ልማዱን ሊሆን ይችላል የሚነግርህ።

የኋላ ወንበር፦
የእራቱን ነገር ተቀብያለሁ። ለ«ንቅሳት» ግን አቋሜ ያው ነው።

ሻይ በሎሚ፦
ብሮሙሮ የሚባለውስ ማነው? የመጽሐፉ ጀርባ ላይ አየሁት።

ቀይ እስክሪብቶ፦
የካርቫልዮ ወሬ አቀባይ፣ ሊስትሮ ነው። መንግሥት የወንዶችን ስሜት ለማብረድ ውሃው ውስጥ ብሮማይድ ይጨምራል ብሎ ስለሚያምን ነው ስሙ የወጣለት። ከልፍለፋው መሃል እውነተኛ መረጃ ጣል ስለሚያደርግ ቀስ ብለህ አንብበው። ቢሮው ውስጥ የሚያበስለው ደግሞ ቢስኩተር ነው፤ የእሥር ቤት ጓደኛው።

የኋላ ወንበር፦
ቤተ መጻሕፍት ስትገባ «ሞ» ሥር ፈልገህ የለም ብለህ እንዳትመለስ። ቫስኬዝ የአባት፣ ሞንታልባን የእናት ስም ስለሆነ መደርደሪያው «ቫ» ላይ ነው።